ወዶ የተራበ

የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ሰዎች መንገዱን በድንጋይ ስለዘጉት ታክሲያችን ቡራዩ መግቢያ ላይ ቆሟል። ምሳ ዕቃ ያቀፈች እናት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀች።

«አባባ፣ ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ምግብ ሳስገባ መጀመሪያ ቅመሺ ይሉኛል። በሁዳዴ፣ ገና በጠዋቱ። ጾሜን መግደፌ ነው?»

«ማን ታስሮብሽ ነው?»

«ወንዱ ልጄ። ከሰልፍ ላይ ወሰዱት።»

«ጌታም እኮ ጾሟል።»

«እሱማ አምላክ ነው፣ ምን ይርበዋል?»

«ተርቧል እንጂ። ሥጋችንን የለበሰው ረሃባችንን ሊካፈል ነው። ድንጋዩን ዳቦ ማድረግ እየቻለ ወዶ ተራበ።»

«የኔ ልጅ ግን ወዶ አይደለም።»

ሽማግሌው ወደ ምሳ ዕቃው ጠቆሙ።

«እንግዲያ ቅመሺለት። የተራበ ጌታ ይህን አይቆጥርብሽም።»

ከኋላቸው ሆኜ ሹፌሩን «አዙረህ መልሰን» ልለው የከፈትኩትን አፌን ምሳ ዕቃዋን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።