ልብስ ሰፊዋ ሳትፈርም ስለተፈረመው እርቅ

የምስክሩ መጠሪያ፦ የኔታ (ሰፈሩ በዚሁ ያውቃቸዋል)
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ የቤተ ክርስቲያን መምህር
አድራሻ፦ ከልብስ ስፌት ማኅበሩ ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 114
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ የካቲት 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

ልብስ ሰፊዋን ፊደል ካስቆጠርኳት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ። አሁን የታሰረችው የማኅበሩን ጥበቃ በመቀስ ወግታለች ተብላ ነው። ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂ ሳለ ቤቷን ሰብሮ ገብቶ በኃይል እንደደፈራት፣ የሰላም ስምምነቱ በተፈረመ በሁለተኛው ሳምንት ለፖሊስ አመልክታ ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት የሽማግሌዎች ጉባኤ በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል አስጠራት። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው «ልጄ፣ አገር ታርቋል፤ አንቺ ብቻ ምን ቀረሽ?» አሏት። እርሷም «አባባ፣ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው የምታረቀው? በር ሰብሮ ገባ እንጂ መች ተጣላን?» ስትል መለሰች። በዚህ መካከል ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ሰብሳቢው «የደስታ ተኩስ ነው» ቢሉ፣ «ደስታችሁ ትናንትም የጎረቤቴን ጣራ በስቷል» ብላ ሳትፈርም ወጣች።

ከዚያም ሰብሳቢው «የኔታ፣ ለሰላም ሲባል ይጨርሱት» አሉኝ። እኔም «ከልቤ ይቅር ብያለሁ» የሚል ቃል በስሟ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ማንበብና መጻፍ ስለማትችል» በማለት አውቄ ስለ እርሷ ፈረምኩ። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ይህችን ልጅ በቃሏ ያስያዝኳት እኔው ነኝ። በዚህ ወረቀት አቤቱታዋ ተዘጋ፤ ሰውየውም መሣሪያውን አስረክቦ በምትሠራበት ማኅበር በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ።

የካቲት 6 ቀን ከቀኑ 6፡30 ግድም በጨርቅ መቁረጫ ክፍሉ መስኮት በኩል ሳልፍ፣ ሰውየው በሩን ከውስጥ ዘግቶ እጇን ሲጎትት በዓይኔ አየሁ። «ምን ያስፈራሻል? ይቅር ብለሽኛል እኮ፤ ወረቀቱ አለ» ይላት ነበር። «ልቀቀኝ» ብላ ሦስት ጊዜ ጮኸች። እኔም መስኮቱን በበትሬ መታሁ፤ ዞሮም አላየኝ። ክንዱን በመቀስ የወጋችው ከዚህ በኋላ ነው። ያው ወረቀት «ከታረቀች በኋላ በቂም ወጋችው» ለማለት በማስረጃነት መቅረቡን ስሰማ፣ ማንም ሳይጠራኝ መጣሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ፣ ስለ እርሷ የፈረምኩት «በስህተት» ነው ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። መርማሪው «የኔታ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው፤ አለዚያ እርስዎም ይጠየቃሉ» ሲለኝ፣ «ልጄ፣ እኛም ለእርሷ ብለን ነበር የጻፍነው» አልኩት። «በስህተት» የሚለው ተሰርዞ «አውቄ» ተብሏል፤ በስርዙ ላይ ፈርሜያለሁ። የቀረውም እንደተናገርኩት የተጻፈ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________