የማያስታውስ ዲስክ

በ2016 ጥር ወር፣ በረዶ ሲጥል በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ ገመድ ልገዛ አውሮራ ከተማ ወደሚገኝ የኮምፒውተር መደብር ገባሁ። እዚያ የሎውሪ ሰፈር ጎረቤቴን አቶ ወልደሚካኤልን አገኘኋቸው። ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው እንደታመመ ሕፃን ታቅፈውታል። የምታስተናግዳቸው ፀዳል ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ በቅርቡ የተመረቀች ልጅ።

«ልጄ፣ የማያስታውስ ዲስክ አላችሁ?» አሏት።

እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ሣቄ ይመጣል። ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥሁት።

«አባባ፣ የዲስክ ሥራው ማስታወስ አይደለም እንዴ? ምን ገጠመዎት?» አለች ፀዳል።

«ባለቤቴ አረጋሽ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ለልጆቻችን ብላ ሰባት ቤት ቆጥራ ድምፅዋን እዚህ ላይ ቀድታልኛለች፤ ሌላ የትም አልተጻፈም። ይህ ማሽን ፎቶ ክፈት ስለው ይንቀራፈፋል። እሷን ክሊክ ሳደርግ ግን ገና እጄን ሳላነሳ ትናገራለች። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ እያደር ነው የፈጠነችው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ከውስጥ ያንኳኳል። ክዳኑን ጠበል ረጨሁት፤ አልተወም። እሷን እያስታወሰ ነፍሷን የያዘብኝ መሰለኝ።»

ፀዳል ላፕቶፑን ከፍታ ጆሮዋን አስጠጋች፤ እኔም ተጠጋሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጥቂት ይቆምና እንደገና ይጀምራል።

«ውስጡ ያለው ሃይብሪድ ዲስክ ነው» አለች። «በአንድ ሳጥን ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛው የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛው ስምንት ጊጋ ብቻ የምትይዝ ፈጣን ፍላሽ ናት። አዘውትረው የሚከፍቱትን ዲስኩ ራሱ እያየ ፍላሿ ላይ ያስቀምጥልዎታል። እሷን በቀን ስንቴ ይከፍቷታል?»

አንገታቸውን ደፉ። «ጧት ከጸሎት በኋላ። ማታም ልተኛ ስል።»

«እንግዲያው ያስለመዱት እርስዎ ነዎት።»

«ማንኳኳቱስ?»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሳህኑ ሊሞት ነው። ፍላሿ ማፍጠኛ እንጂ መጠባበቂያ አይደለችም፤ ሳህኑ ሲሄድ የፍላሿም ነገር ያበቃል። አሁኑኑ ኮፒ እናድርገው።»

«የሙት ድምፅ ይባዛል? ነፍሷ ዕረፍት ታጣለች ብዬ እኮ ነው ያልደፈርሁት።»

ዝም ማለት አልቻልሁም። «አቶ ወልደሚካኤል፣ ዳዊት በየዘመኑ ባይገለበጥ ኖሮ እርስዎ ዘንድ ይደርስ ነበር? ላልተገለበጠ መጽሐፍ አንድ እሳት ይበቃዋል።»

ነጠላውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አስገቡ። ከዚያ «አድርጊው» አሏት።

ኮፒው ተጎተተ። መሐል ላይ ሲቆም ፀዳል እስከዚያ የተገለበጠውን ከፈተችው፤ የሟቿ ድምፅ መደብሩን ሞላው። «እኔ የግዛው ልጅ ነኝ። ግዛው የስለሺ፣ ስለሺ የለገሠ፣ ለገሠ የበዛብህ፣ በዛብህ የአባይነህ፣ አባይነህ የፍቅረሥላሴ፣ ፍቅረሥላሴ...»

ድምፁ እዚያ ተቆረጠ። ፀዳል ደግማ ሞከረች፤ አሮጌው ዲስክ አንዴ ቋ ብሎ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላም አልተነሣም። በአንድ ሳምንት መዘግየት አንድ አያት ጠፋ ብዬ አዘንሁ።

አቶ ወልደሚካኤል ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልክ እሷ ትንፋሽ በምትወስድበት ትንፋሽ ወስደው፣ በእሷው አወራረድ፣ «የኢሳቅ» አሉ። ፀዳል ደግመው እንዲሉት የመደብሩን ማይክሮፎን አቀረበችላቸው።

የዚያን ቀን ለላፕቶፑ የማይሽከረከር፣ ሁለመናው ፍላሽ የሆነ ኤስኤስዲ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ሌላ ዲስክ ገዙ። ሦስተኛው ኮፒ ሴንቴኒያል ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ሄደ። ሃይብሪድ ክፉ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ፎቶና ቪዲዮ ላለው፣ ኪሱም ለትልቅ ኤስኤስዲ ለማይደርስ ሰው ይበጃል። የሚገዛ ሰው ግን ፍጥነት ሌላ፣ ማስቀመጥ ሌላ መሆኑን ይወቅ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቆጠር።

ከወር በኋላ ቤታቸው ሄድሁ። «አሁን ሁሉም እኩል ይፈጥናል» ብለው አሰሙኝ። ስድስቱ ስም በእሷ ድምፅ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ ዝምታ፣ ሰባተኛው በእሳቸው።

«ዝምታውን ፀዳል ትቁረጥልዎት» አልሁ።

«ነገሩን አስረድታኛለች፤ ገብቶኛልም» አሉ። «ዝምታውን ግን አትንኩብኝ። ስሙን የምታቀብለኝ እዚያ ጋ ነው።»