ቀመር እንደ ዳዊት

የይጁቤው ሚኒባስ ከማርቆስ መናኸሪያ የሚወጣው ሲሞላ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ለእኔ ቅጣት ነው። የዚያን ቀን ከጎኔ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋወጥንና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው።

«ትምህርት ቤት፤ የልጄን መልቀቂያ ልቀበል።»

«ምነው አባቴ?»

«ምነው ትይኛለሽ! ቀመሩን ሁሉ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። እየመላለስሁ በቃሏ ያስቀጸልኋት እኔው ነኝ። አንዲት ሄለን የምትባል ጉብል ግን በሒሳብ ጣለቻት። እንግዲህ ባሕር ዳር አክስቷ ሱቅ ትቁም እንጂ ምን ይደረጋል?»

የተማሪዬ የየብርጓል አባት፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ ፈንታ መሆናቸው ገባኝ።

«ሄለን እኔ ነኝ፣ የኔታ» አልኋቸው። መሸሸግ ጊዜ ማባከን ነው።

ከኋላችን የተቀመጡ ሴት ሳቃቸውን ለቀቁት። «አይ የኔታ! ሐሜቱን ለባለቤቷ አስረከቧት!»

የኔታ ግን አላፈሩም። «እንግዲያስ እግዜር አገናኘን። ያስተማርሻትን መልሳ ስትነግርሽ ምን ጎደለ ብለሽ ጣልሻት?»

«የጠየቅኋት ይህን ነው፦ የአንድ ጓሮ ርዝመት ከወርዱ በሦስት ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ አርባ ካሬ ሜትር ነው፤ ወርዱ ስንት ነው? የብርጓል ቀመሩን አሳምራ ጻፈችው። ከጓሮው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አላወቀችም። እዚያው ቆመች።»

«ታገሻት። ቃሉ ከጸና ምሥጢሩ ኋላ ይመጣል።»

«መቼ? ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የተማሩት የጂኦሜትሪውን ማረጋገጫ ከነነጥቡ ሸምድደው ፈተና ያልፉ ነበር። መምህሩ የማዕዘኖቹን ስም ሲለውጥባቸው ሁሉም ጠፋባቸው። ዛሬ እነሱም አስተማሪ ሆነው ያንኑ ያስሸመድዳሉ።»

የሒሳብ ትምህርታችን በሽታ ይኸው ነው። ልጁ መልሱን እንጂ ወደ መልሱ የሄደበትን መንገድ የሚጠይቀው የለም፤ ስለዚህ ሳይገባው ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። ይህን ለየኔታ በእኔ ቋንቋ ብነግራቸው እንደማይሰሙኝ ስላወቅሁ በእሳቸው ሙያ መጣሁባቸው።

«አንድ ተማሪ እርስዎ ትናንት የተናገሩትን ቅኔ፣ አንዲት ጉባኤ ቃና እንኳ፣ ዛሬ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ቢነግርዎ ባለቅኔ ይሉታል?»

«ሌባ እለዋለሁ! የራሱን ቅኔ አስቦ ቆጥሮ ይምጣ እንጂ።»

«ቃሉ አልጎደለም እኮ።»

 ሚኒባሱም ሞልቶ ተነሣ። ከተማውን ለቅቀን ስንወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የግእዙን ግስ በቃሉ ሳያወርድ ቅኔ የቆጠረ ግን አላየሁም። ግሱን ልታስቀሪ ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ልክ ነበር። «አላስቀርም። ማባዛትን በቃላቸው ይያዙ፤ ቀመሩንም ይወቁ። ከዚያ በኋላ ግን ራሳቸው ይሥሩ፣ ይሳሳቱ፣ በጓደኞቻቸው ፊት ይታረሙ። እርስዎ የተሳሳተውን ያባርሩታል?»

«እንዴት ተደርጎ! አፍርሰህ ሥራ እለዋለሁ። እኔን ዲማ ቅኔ ስማር መምህሬ ያላስፈረሱኝ ቀን የለም።»

«እኔም የብርጓልን አፍርሰሽ ሥሪ ነው ያልኋት። ሊያባርሯት የተሳፈሩት እርስዎ ነዎት።»

«ተያዙ፣ የኔታ!» አሉ ሴትዮዋ።

ይጁቤ ስንደርስ አብረን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። የብርጓል ተጠርታ መጣች፤ አባቷን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ጓሮውን መሬት ላይ ሣዪልኝ» አሏት።

በእንጨት ሣለች። ርዝመቱን የወርዱ ሦስት እጥፍ አደረገችው። ላርማት አፌን ስከፍት የኔታ በዐይናቸው ከለከሉኝ። «ለምን?» አሏት እሷን። አሰበች። «በሦስት ይበልጣል እንጂ ሦስት እጥፍ ነው አልተባለም ለካ» አለችና በእግሯ አጠፋችው። እንደገና ሠራች። ብዙ ቆየች፤ እኔም በመከራ ዝም አልሁ። በመጨረሻ አምስት ሜትር አለች፤ ለምን አምስት እንደሆነም አስረዳች።

ምክንያቱን እየጠየቀ ሒሳብ የተማረ ልጅ ቀመሩ ቢጠፋው መልሶ ያገኘዋል፤ ስሕተቱን ሌላ ሰው ሳይነግረው ያያል፤ ያልተማረው ጥያቄ ሲመጣበትም አይደነግጥም። የሸመደደ ልጅ ግን የሸመደደው ያለቀ ዕለት ያልቅበታል። ወላጅም ማታ ልጁን «በይ ድገሚው» ከማለት «ለምን?» ቢል፣ ባይማርም እንኳ ግማሽ አስተማሪ ይሆናል።

የኔታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አልሄዱም። የብርጓልን ወደ ክፍሏ ሸኟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገ ደግሞ ሌላ ስጫት» አሉኝ፤ «እኔም የማላውቀውን።»