የአስካለ ሲኒማ ቤት

(አመሻሽ ላይ አስካለ ከአሮጌ ዕቃ የገጣጠመችውን ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ተቀምጣለች፤ ባሏ መኩሪያ ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሟል።)

አስካለ፦ ወይ እኔ! ዓመተ ምሕረቱን አሁን ገና አየሁት። በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው ኖሯል!

መኩሪያ፦ ታዲያ በማን አቆጣጠር ልትሞዪው ነበር?

አስካለ፦ በፈረንጆቹ ነዋ! የኮምፒውተሩ ባትሪ ስለሞተ በተከፈተ ቁጥር ቀን ይጠይቃል። ሳጥኑን ዓመታት ወደ ኋላ መልሼው፣ ኢንተርኔቱ «አላምንህም» እያለ ድራማውን ሲከለክለኝ ዋለ። እኔ ደግሞ ሌባ ገባበት ብዬ ስልኬን ሁሉ አጥፍቻለሁ።

መኩሪያ፦ ሌባው ምን አጥቶ እዚህ ቤት ይገባል? በይ፣ ግሮሰሪ ደረስ ብዬ ልምጣ።

አስካለ፦ ሙኬ፣ ዛሬን ብቻ ቅር። ልጃችን ካገባች ወዲህ ማታ ማታ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው። ይህን የገጣጠምኩትም አንተ ለቴሌቪዥን ብለህ እንዳትወጣ ነው።

መኩሪያ፦ የግሮሰሪው ቴሌቪዥን ቀን አይጠይቅም። ይልቅ ይህ ባልዲ አሸዋ አጠገቡ ምን ይሠራል?

አስካለ፦ ቢነድስ?

መኩሪያ፦ የጋዝ ሲሊንደሩስ የት ሄደ?

አስካለ፦ ጎረቤት፣ እማማ ጥሩወርቅ ቤት አስቀመጥኩት። ቢፈነዳስ ብዬ…

መኩሪያ፦ በእሳቸው ቤት ይፈንዳ ብለሽ ነው?

አስካለ፦ ይህን አላሰብኩም! ወይኔ፣ ሄጄ ላምጣው?

መኩሪያ፦ ተይው። ራትም የለም ማለት ነዋ!

አስካለ፦ ዳቦና ለውዝ አለ። ሲኒማ ቤት ወጥ ማን ይበላል?

መኩሪያ፦ ተያዝኩ! ቆይ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም በነፃ ነው አላልሽም? በነፃ የሰጠ ሰው ነገ ምን ሊጠይቀን ነው?

አስካለ፦ በእሱስ ቀድሜሃለሁ። ፕሮግራሙን የጫነችልኝ የጥገና ቤቷ ሴት «ብዙ ሰው ተባብሮ የሠራው ነው፣ እንደ ደቦ» ብትለኝ፣ «የደቦውን ድግስ ማን ሊችል ነው?» አልኳት። ሳቋ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

መኩሪያ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። አንቺ የፈራሽው ሁሉ ቢደርስ ኖሮ ይህ ሰፈር እስካሁን አመድ ነበር።

አስካለ፦ ሳቅብኝ፤ እኔም በራሴ ስስቅ ነው የዋልኩት። ማራገቢያው ሲዞር ደነገጥኩ፤ ሲቆም ደግሞ ሞተ ብዬ ላለቅስ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የተማርኩት ለመደንገጥ ነው መሰለኝ። እንዴ… ሙኬ! ዓመቱን ባስተካክለው ድራማውን ከፈተው! ተመልከት!

መኩሪያ፦ ይህ ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት ሚስቱን የደበቃት አይደል? ድምፁን ጨምሪው እስቲ።

አስካለ፦ ስልክህ እየጠራ ነው።

መኩሪያ፦ ከግሮሰሪው ናቸው። ወንበሬን ይዘውልኛል።

አስካለ፦ ሂድ በቃ። ሰው በሠራው ሳጥን ባል አያስቀርም። ስትመለስ ግን በትልቁ መንገድ ና፤ በጓሮ በኩል ቦዩ ክፍት ነው፣ ውሻም አለ።

መኩሪያ፦ ሃሎ? አዎ… ወንበሩን ለሌላ ስጡት። አይ፣ አላመመኝም፤ ሲኒማ ገብቼ ነው። አስኩ፣ ቁልፉን አምጪው።

አስካለ፦ ለምንህ?

መኩሪያ፦ ልቆልፈው ነዋ፣ ከውስጥ… ይኸው። ቆይ ግን፣ ይህ ነገር አሁን ቢነድ በየት በኩል ነው የምንወጣው?

አስካለ፦ ጃኬትህን አውልቅና ተቀመጥ። በዚህ ቤት የመፍራት ሥራ የኔ ነው።