የፈረሳችን ኮሮና

«እማ፣ ኮሮና ፈረስም ይይዛል እንዴ?» ብላ ልጄ ዘሃራ ስትጠይቀኝ ስቄባት ነበር። ሰሞኑን የጋሪ ፈረሳችን ገለባ እምቢ ብሎ ሰውነቱ እንደ እሳት ሲግል ከመርሳ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ነካክቶ አየውና «የፈረስ ኮሮና ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ዘሃራ ቀኑን ሙሉ አንገቱን አቅፋ ነው የዋለችው።

«ልጄስ?»

«አይዞዎት እናቴ፣ ሰው አይነካም። ከፈረስ ወደ ፈረስ ግን በፋንድያው ይተላለፋል።»

አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ደነገጥኩ። ለጎረቤታችን ለጋሽ ሰይድ ትናንት ነው ለአትክልታቸው ፋንድያ በጆንያ የሰጠሁት። ያረገዘች ባዝራቸው የምትታሰረው እዚያው ጓሮ ነው። እንዳልነግራቸው እሳቸውን ፈራሁ፤ ዝም እንዳልል አላህን ፈራሁ።

በማግስቱ ከሱብሂ ሰላት በኋላ አካፋዬን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። «ጋሽ ሰይድ፣ ባዝራዎን ከጓሮ ያውጡልኝ። ያን ፋንድያ መልሼ ልውሰደው፤ ፈረሴ ታሞብኛል» አልኳቸው።