የጠያቂው ብርቱካን

አቶ ወልደአረጋይ ከአንኮበር ሚኒባስ ወርደው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ የደረሱት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነው። የከተማው ብርድ ጥሩ ሰበብ ሆነላቸው እንጂ የሸሹት ብርዱን አልነበረም። በእጃቸው ብርቱካን የሞላ ፌስታል አንጠልጥለዋል። የአገር ሰው ቢያያቸው በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ እንዲመስለው አስበው የገዙት ነው። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሠናይት ደግሞ «ብርድ ልብስ ልገዛ ነው» ብለው ነው የወጡት። ይህን ሁሉ ውሸት የሚሰማ፣ ሰውዬው ሰርቀው የሚሸሹ ሳይመስለው አይቀርም። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ የታመሙት እሳቸው ናቸው። ራሳቸውን እየፈለጣቸው፣ ግራ እጃቸው እየደነዘዘ ከርመዋል፤ እንቅልፍም ከራቃቸው ቆይቷል። ካሁን በፊትም እዚሁ በር ድረስ መጥተው፣ ብርቱካኑን ለነዳያን አድለው ተመልሰዋል።

«ጋሽ ወልደአረጋይ! እንደምን ዋሉ?»

ደነገጡ። ዞር ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ቢኒያም ነው፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እዚያው የተቀጠረ፣ ሰው አክባሪ ወጣት። ‹ሠናይት ናት የላከችው› አሉ በሆዳቸው። ‹ተከታተለው ባትለው ኖሮ በዚህ ሁሉ ከተማ እዚህ በር ላይ ምን ያገናኘናል?›

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በሽተኛ ልጠይቅ መጥቼ ነው» አሉ ፌስታሉን ከፍ አድርገው።

«ማን ታሞብዎት ነው?»

«ዘመድ ነው። የሩቅ ዘመድ።»

«እግዜር ይማረው። እንግዲያ አብረን እንግባ፤ ዘመድዎ መታመሙን እያወቅሁ ሳልጠይቀው ብሄድ እናቴስ ምን ትለኛለች?»

ይህን አላሰቡበትም ነበር። በአገራችን የታመመ መኖሩን የሰማ ሁሉ መጠየቅ አለበት፤ «አትጠይቅ» ብሎ መከልከል ደግሞ ከስድብ አይተናነስም። አቶ ወልደአረጋይ በገዛ ውሸታቸው ተያዙ።

«ተኝቶ ይሆናል» አሉ።

«እስኪነቃ እንጠብቃለና። ስሙ ማን ነው? ዘበኛውን ልጠይቀው።»

«ገብረ ጻድቅ» አሉ፤ ስሙ ሳያስቡት ነበር ከአፋቸው ያመለጠው።

ቢኒያም ወደ ዘበኛው የጀመረውን እርምጃ ገታ። ገብረ ጻድቅ የአቶ ወልደአረጋይ የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ በክረምቱ መግቢያ እርሻ ላይ እንዳሉ ወድቀው በዚያው ቀሩ። ቢኒያምም ቀብራቸው ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ ትንሽ እንቀመጥ» አለ በመጨረሻ።

«በመጀመሪያ ማን እንደላከህ ንገረኝ። ሠናይት ናት?»

«ማንም አልላከኝም። ቀጠሮ ኖሮኝ ነው። እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ሙዝ ይዤ ነበር።»

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?»

«እንቅልፍ አጥቼ፣ ያለ ምክንያት ልቤ እየመታ። የአእምሮ ሐኪም ነው የሚያየኝ።»

አቶ ወልደአረጋይ ፈቀቅ አሉ። «አያድርስ! ልጄ፣ ይህን ለሰው እንዳትናገር።»

«ሁላችንም እንዲህ እየተባባልን ነው የምናልቀው። እብደት አይደለም ጋሼ፤ የሚታከም ሕመም ነው።»

«አንተ የደመወዝ ሰው ነህ፤ አይገባህም። ወልደአረጋይ ደከመ ከተባለ ድንበሬን የሚገፋ ሞልቷል። ለሽምግልናም የሚጠራኝ አይኖርም። ደግሞስ ሐኪም የሌለብህን በሽታ አይነግርህም ብለህ ነው? አባቴ መርፌ ሳይነካው ኖሮ ነው የሞተው።»

«በስንት ዓመታቸው?»

አቶ ወልደአረጋይ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አባታቸው ዛሬ እሳቸው ያሉበት ዕድሜ ላይ አልደረሱም ነበር።

«አመመኝ ማለትም ማማረር ነው፤ ፈጣሪን ማስቀየም» አሉ ሌላ መንገድ ፈልገው።

«ሲጸልዩ ለእሱ አመመኝ አይሉትም?»

«ለእሱማ እላለሁ።»

«እሱ ካልተቀየመ ሐኪሙ ይቀየማል? በጋሽ ገብረ ጻድቅ ቀብር ላይ ወንዱ ሁሉ ‹ትናንት እኮ ደህና ነበር› ይል ነበር። ደህና ሆነው አይደለም፤ ስላልተናገሩ ነው።»

«ለእኔ እንኳ አልነገረኝም!» አሉ አቶ ወልደአረጋይ። ይህ ቁጭት ነበር እንቅልፍ የነሳቸው። «አብረን አድገን! ይንቀኛል ብሎ ጠርጥሮኝ ነው? ለምን ደበቀኝ?»

«እርስዎስ ለማን ነግረዋል?»

ቢኒያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉም የሚዶልትበት ይመስለዋል። እኔ እናቴ ምሳ ስታቀርብልኝ እንኳ ‹ምን ፈልጋ ነው› እል ነበር። ድንበሩስ ቢሆን፣ እርስዎ እርሻ ላይ ቢወድቁ ማን ይጠብቅልዎታል? እትዬ ሠናይት ናቸው?»

አቶ ወልደአረጋይ ተነሡ። ወደ ሚኒባሱ መናኸሪያ አንድ ጊዜ ተመለከቱና ወደ በሩ ሄዱ። ዘበኛው ብርቱካኑን አይቶ፣ «አባት፣ የጥየቃ ሰዓት ገና ነው። ማንን ሊጠይቁ ነው?» አላቸው።

«ወልደአረጋይን።»

«የት ክፍል ነው የተኛው?»

«መች ተኝቶ! እንቅልፍ ካጣ ከርሟል። ወልደአረጋይ እኔ ነኝ፤ አሞኛል።»

ዘበኛው ሳይስቅ በሩን ከፈተላቸው። ሲመረመሩ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሟም ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ጎናቸው ሊሽመደመድ ይችል እንደነበር አልደበቀቻቸውም። ኪኒን ታዘዘላቸው፣ ጨው ቀነሱ። ስለ ጓደኛቸው ሞትም ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ያን ቀን ያለ ብርድ ልብስ ቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ሠናይት እውነቱን ሲነግሯቸው፣ እሳቸውም «አውቄ ነበር፤ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ውሎ አድሮ እጃቸው በረታ፣ እንቅልፋቸውም ተመለሰ። ድንበራቸውን የገፋ የለም፤ ለሽምግልናም እንደ ወትሮው ይጠራሉ። ሚስት ባሏን፣ ልጆች አባታቸውን ያተረፉት አንዲት «አሞኛል» የምትል ቃል ከአፍ ስለወጣች ነው። ወንድነት ዝም ብሎ መሞት የመሰለን ሁሉ ይህን ብናስብ ይበጀናል።

በወሩ አቶ ወልደአረጋይ ለቀጠሯቸው ሲሄዱ፣ የአንኮበሩ ሚኒባስ ውስጥ ጎረቤታቸውን ኪዳነወልድን አገኟቸው። ኪዳነወልድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል።

«ማንን ልትጠይቅ ነው?» አሏቸው።

«የአክስቴ ልጅ ታሞ ነው» አሉ ኪዳነወልድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

አቶ ወልደአረጋይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እግዜር ይማረው። እኔም አብሬህ እጠይቀዋለሁ» አሉ።