የተቀማው መጥረቢያ

የሕዝቡን ደን ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ሰውዬ ቅጽል ስሙ አይነኬ ነበር፤ ደረቅ ጭራሮ እንኳ አያስነካምና። አንድ ኩባንያ በደኑ ውስጥ ሊቆፍረው ስላሰበው ሁለተኛ የነዳጅ ጉድጓድ ሊመሰክር ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሲጣደፍ፣ ውሃ መርማሪ የሆነችው የወንድሙ ልጅ በጭቃ በተለወሰ ቦት ጫማዋ በሩ ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ምን ሊሉ ነው የመጡት?»

«ያየሁትን ነዋ። ኩባንያው መንገድ አወጣልን፤ ከደኑ የወሰደው አንዲት ጥግ ናት። እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ጥላችሁንም ትፈራላችሁ።»

«ከቁፋሮው የወጣውን ዝቃጭ የት እንዳጠራቀሙትስ አይተዋል?»

«ላስቲክ አንጥፈውለታል። ምን ጎደለው?»

«ላስቲኩ ተቀዷል ጋሼ። ጨውና ዘይቱ ምንጩ ድረስ ወርዷል፤ ዳር ዳሩን ያለው ሣር አሯል። ጨው አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ የልጅ ልጅ ቢያርሰውም አያበቅል።»

«ወረቀት ይዘው መጡ። ባለወረቀትን በምን አፌ ልከልክል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጎረቤታችንን መጥረቢያ ሲቀሙስ በምን አፍዎ ነበር? እሳቸው የፈለጡት የወደቀ ቅርንጫፍ ነው።»

ሕጉን ሊጠቅስላት አፉን ሲከፍት መጥረቢያው ትዝ አለው። ያ መጥረቢያ ዛሬም ከጥበቃ ቤቱ በር ኋላ ተሰቅሏል። ኩባንያው በመጣ ቀን፣ የመኪናቸው ቀለም እንዳይጫር ብሎ፣ ለጋ ዛፎቹን በዚያው መጥረቢያ የመነጠረላቸው ራሱ ነው፤ ማንም ሳያዘው። ለድሃ ነብር፣ ለባለመኪና በግ የሚሆን ጠባቂ ከሌባ ይከፋል፤ ሌባ ቢያንስ የሕዝብ ደመወዝ አይበላም።

«አሁን ብናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉኝ» አለ ፊቱን አዙሮ።

«ጅቡ መቼ ሄደ? ለሁለተኛው ጉድጓድ ተመልሶ መጥቷል እኮ።»

አዳራሹ ውስጥ ባለመጥረቢያዋ ባልቴት ጎረቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሸሽቶ ተናገረ።

«ጠባቂ ሆኜ አልጠበቅሁም። ሁለተኛው አይቆፈር፤ የመጀመሪያው ዝቃጭ ይነሣ፣ ምንጩ ይጽዳ። ነዳጅ ተቀድቶ ያልቃል። ደኑ ከቆመ ግን ምንጩ አይነጥፍም፣ ከብቱ ይጠጣል፣ መሬቱ ያበቅላል፣ ልጆቻችንም ውሃ ፍለጋ አይሰደዱም።»

ቁፋሮው ታገደ። ሰው ሁሉ እጁን ጨበጠው፤ እሱ ግን አንዲቷን ነገር አልተናገረም።

ማምሻውን መጥረቢያውን ይዞ የባልቴቷን በር አንኳኳ። ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ዶልዱሟል። ምን ሲቆርጡበት ነበር?»



«መንገድ» አለ እግር እግሩን እያየ። «ለእነሱ መንገድ።»